በፊንች በኩል ሴኡል የገባሁበት ቅዳሜ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። በእናቴ እንዳልምል፣ እናቴ ደብረ ዘይት ቁጭ ብላ የምጽፈውን ሁሉ በስልኳ ታነባለች። በታቦት እንዳልምል፣ ታቦቱ ያውቀኛል። ስለዚህ በምነዳው ፎርክሊፍት እምላለሁ። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ሰኞ ጠዋት አልነሣም ይበለኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ ባትሪ ካለቀበት ቀን በስተቀር።

ስሜ ዘርይሁን ነው። ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን ዕቃ አነሣለሁ። ትምህርት ቤትን የማውቀው በጎብኚነት ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጎብኝቼ ስላልተመቸኝ ወጣሁ። አውሮፕላን ግን በቀን ሰማንያ ጊዜ በራሴ ላይ ያልፋል። ስለ ጉዞ የማላውቀው ነገር የለም።

ነገሩ የተጀመረው ዳንፎርዝ፣ ሐበሻ በሚበዛበት መንገድ፣ አንዲት ካፌ ውስጥ ነው። ታዴዎስ የሚባል ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ አለኝ። ዱባይ አምስት ቀን ቆይቶ መጣና ስለ ዱባይ አምስት ወር አወራ። ስለ ሆቴሉ ፎጣ ብቻ ሁለት እሑድ ፈጅቷል። ያን ረቡዕ ስለ አሳንሰሩ ሊጀምር ሲል ትዕግሥቴ አለቀ። ዓርብ ማታ ወደ ሴኡል እበራለሁ አልኩት። ለምን ሴኡል እንዳልኩ ከጠየቃችሁኝ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎመ የኮሪያ ድራማ እያሳየ ነበር። የቱርክ ቢሆን ኖሮ ኢስታንቡል እሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ አፌ ራሱን ችሎ ቀጠለ። ርካሽ ቲኬት ማግኘቴን፣ ከተማውን በአንድ ቀን፣ በሠላሳ ዶላር ጎብኝቼ ሰኞ ጠዋት ሥራዬ ላይ እንደምገኝ፣ ሆቴል የሚይዙት ከተማ ማየት የማይፈልጉ ሰዎች መሆናቸውን አስረዳሁት። ታዴዎስ ዝም አለ። ከዱባይ ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያው ዝምታው ነበር።

ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ከኋላዬ ካለው ጠረጴዛ እትዬ ተናኘ ወንበራቸውን አዞሩ።

እትዬ ተናኘን ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የማያውቅ የለም። በሱዳን በኩል የመጡ የድሮ ስደተኛ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ላይ ስቲከር ሲለጥፉ ኖረው አምና ጡረታ ወጡ። አባታቸው ኮሪያ የዘመቱ ናቸው። አንድ ልጃቸው ማቲ ደግሞ ባለፈው መስከረም ኮሪያ ሄዷል፤ ሴኡል ለልጆች እንግሊዝኛ ሊያስተምር። ሲሄድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተደረገለትን ሽኝት አልረሳውም፤ ሁለት በግ በልተንለታል። የአያቱን ፎቶ፣ ከነወታደር ልብሳቸው፣ አስፍተው አሠርተው ከኋላው ሰቅለውት ነበር።

የኛ ሰው መንገድ እንዳለህ ሲሰማ በሰላም ግባ ከማለቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ።

«ስንት ኪሎ ትርፍ አለህ?» አሉኝ እትዬ ተናኘ።

ርካሽ ቲኬት ስለሆነ ሰባት ኪሎ ብቻ ነው አልኳቸው። ዜሮ ማለት ስችል ሰባት ማለቴ ዛሬም ይገርመኛል። ውሸት ስዋሽ ደግ መሆን እወዳለሁ።

ሐሙስ ዕለት ቦርሳውን ይዘው መጡ። በእጅ ሚዛን አንጠልጥለው እፊቴ መዘኑት፤ ስድስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎና ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ። ግንቦት ነው ብላቸው፣ ኮሪያ ብርድ ነው፣ አባቴ ነግሮኛል አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዕቃው ቢጠፋም ይጥፋ። ፊቱን እይልኝ። ይኸው ስድስት ወሩ፣ በደወለ ቁጥር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያናግረኝ። ሌላ ነገር አሳየኝ ስለው ኔትወርክ ይጠፋል። ታሞ እንዳይሆን የሚደብቀኝ። በቅዱስ ገብርኤል ይዤሃለሁ ዘርይሁን፤ ያየኸውን ሳትቀንስ ንገረኝ።»

እኔ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። በገብርኤል ተይዤ ግን ዋሽቼ አላውቅም፤ ይዞኝ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። እውነቱን እዚያው ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል «ችግር የለም» የሚል ነበር።

ዕቅድ አወጣሁ። እሳቸው በሰጡኝ ቁጥር ለማቲ በዋትሳፕ ደውዬ፣ ዕቃው በፖስታ እንደሚመጣና ደረሰኝ እንዲል መለመን። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ደወልኩ፤ አያነሣም። ፖስታ ቤት ዋጋ ብጠይቅ፣ በዚያ ዋጋ ራሴ ብሄድ ይሻላል። ማታ አብሮኝ የሚኖረው ዘመድኩን በስንት ሰዓት ነው የምትበረው አለኝ። እሱም የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነውና ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ፤ በር ድረስ ሸኘኝ፣ በቆመበት ሴኡል ላለ አንድ ጓደኛው ጃኬት አስያዘኝ። ሌሊቱን መጋዘን ፈረቃ ገብቼ አሳለፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዲህ ቤት መመለስ አልችልም፣ ዳንፎርዝ መታየት አልችልም፣ ሰባት ኪሎ ተሸክሜያለሁ። የቀረኝ ጉብኝቱን መጀመር ብቻ ነበር። ታዴዎስ ፎቶ ካላየ አያምንም። ኢንተርኔት ላይ ሴኡልን በትንሽ ገንዘብ በአንድ ቀን የሚል ጽሑፍ ፈልጌ አገኘሁና የቲቲሲ፣ የከተማው ባቡር፣ የቀን ቲኬት ገዝቼ ጽሑፉ እንዳለው ሄድኩ።

ጽሑፉ በተራራ ጀምሩ ይላል። ክሪስቲ ጣቢያ ወረድኩ፤ እዚያ የኮሪያ ምግብ ቤቶች የተሰለፉበት መንገድ አለ። ተራራ ግን የለም። ያለው መናፈሻ ነው፣ እሱም ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ፣ ሣሩ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ ፎቶ አነሣሁ። ተራራ ሆነ። አንድ ውሻ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያየኝ ፎቶው ውስጥ ስለገባ ተራራው የዱር አውሬ ያለበት መሰለ።

ቀጥሎ ቤተ መንግሥት ይላል። ጣሪያው ወደ ላይ የታጠፈ አንድ ምግብ ቤት አገኘሁና ጣሪያውን ብቻ አነሣሁ፤ በሩ ላይ የዛሬ ልዩ የዶሮ ክንፍ የሚል ማስታወቂያ ስለነበር። የንጉሥ ዘበኛ ፎቶ እንዳይቀርብኝ አንድ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ በትህትና ጠየቅኩ። እሷም በትህትና እምቢ አለች። ከዚያ በለውዝ የተሞላ ትኩስ ኬክ ስድስት ገዛሁ፤ አራቱን እየሄድኩ በላሁ። እስከዚያች ሰዓት ሴኡል አሥራ ዘጠኝ ዶላር አልፈጀችብኝም፤ ታዴዎስ ለዱባይ ውሃ ብቻ ከዚያ በላይ ከፍሏል።

የመጨረሻው ገበያ ነው። እውነተኛው ገበያ ሰሜን ነው ስላሉኝ በባቡሩ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ፊንች ሄድኩ። ከጣቢያው ወጥታችሁ ትንሽ ስትራመዱ ትልቅ የኮሪያ ሱቅ አለ። ስገባ ተንቀጠቀጥኩ ብል ውሸት ነው፤ ግን በረደኝ፤ ፍሪጁ በር ላይ ነው። ሰው ሁሉ ኮሪያኛ ያወራል፣ ጽሑፉ ኮሪያኛ፣ ዘፈኑ ኮሪያኛ። አሥር ደቂቃ ያህል ሴኡል እንዳልሄድኩ ረሳሁ።

አንድ መደርደሪያ ሙሉ የተፈጨ ቀይ ቃሪያ አየሁ። ቁርጥ የኛን በርበሬ ነው። የእትዬ ተናኘን በርበሬ ከጎኑ አድርጌ ፎቶ ባነሣ ታዴዎስን ዕድሜ ልኩን ዝም አሰኘዋለሁ ብዬ ቦርሳውን መሬት አስቀመጥኩና የበርበሬውን ላስቲክ አፍ ፈታሁ።

የዓሣው ክፍል ከእኔ ሃያ ሜትር ይርቃል። በመካከላችን አንድ ባሕር ሙሉ ዓሣ በበረዶ ላይ ተኝቷል። እንግዲህ ያንን ሁሉ ሽታ አልፎ እንዴት እንደደረሰው እሱ ያውቃል፣ ከዓሣው ኋላ ነጭ ሽርጥ ያደረገ ልጅ ቀና አለ። አፍንጫውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። ከዚያ ቢላውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«ይሄ በርበሬ የማን ነው?» አለኝ በአማርኛ።

«የእናትህ» አልኩት።

ስድብ አልመሰለውም። ቢላውን ዝቅ አደረገ። «አውቄዋለሁ። ኮረሪማ ታበዛለች» አለ።

ማቲ ነው። አልከሳም፣ አልታመመም፤ እንዲያውም ጉንጩ ሞልቷል። እኔን ሲለይ ግን ፊቱ ከዓሣው ፊት ጋር አንድ ሆነ። አለቃውን፣ አንዲት አጠር ያለች ጠንካራ ኮሪያዊት፣ ዕረፍት ለምኖ ከሱቁ ጥግ ካሉት ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ ይዞኝ ተቀመጠ። ሁለት ሾርባ አስመጣ።

ሴኡል ሁለት ወር ነው የቆየው። ማንም አልበደለኝም አለ፤ ልጆቹ ጥሩ፣ ደሞዙ ጥሩ። የተሰጠው ክፍል ግን እጁን ሲዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ይነካል። በስድስተኛው ሳምንት ከፍሪጁ ጋር ማውራት ጀመረ። በስምንተኛው ፍሪጁ ሲመልስለት ቲኬት ቆረጠ። ቶሮንቶ ሲያርፍ ወደ እናቱ ሊደውል ስልኩን አወጣና ሽኝቱ ትዝ አለው፤ የአያቱ ፎቶ።

«አያቴ ጦርነት ውስጥ ዓመት የኖረበት አገር ነው፣ ጋሼ። እኔ በሰላም፣ ዋይፋይ እያለኝ፣ ሁለት ወር አልቻልኩም። ይሄንን ለእሷ እንዴት ኤክስፕሌን ላድርግ?»

ፊንች አካባቢ ቤዝመንት ተከራየ። እዚህ ሱቅ የገባሁት ለደሞዙ አይደለም አለኝ፤ ለግድግዳው ነው። እዚያ፣ ከኑድሉ ካርቶን አጠገብ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በኮሪያኛ የተጻፈ ግድግዳ አለ። ስድስት ወር ሙሉ እናቱን ከእሱ ፊት ቆሞ ያናግራል። ቤት ሲሆን መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ ይሸፍናል። ሁለት ሰዓት አለው፣ አንዱ በሴኡል የሚሞላ። የሴኡልን የአየር ጠባይ ጠዋት ጠዋት ያነባል፤ እዚያ ሲዘንብ ጃንጥላ ይይዛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረኝም። ኮራሁበት፤ አፈርኩም።

እኔም የራሴን ነገርኩት። ከተቀመጥንበት ሁለታችንም ሴኡል ነን፣ ሁለታችንም ፊንች ነን። ሾርባችንን ጠጣን።

ከዚያ ለመነኝ። ደህና ነው በላት፤ ደህና ነኝ ደግሞ፤ ውሸት አይደለም። መስከረም ላይ ኮንትራቱን ጨርሼ እንደተመለስኩ ሆኜ እመጣለሁ፤ አራት ወር ብቻ። እኔም ገብርኤል ያየኸውን ንገር እንጂ የት እንዳየኸው ንገር አላለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ማቲን ግድግዳው ፊት አቆምኩት፣ በርበሬውን በአንድ እጁ፣ ካልሲውን በሌላው አስያዝኩት፣ ፎቶ አነሣሁ።

«ጥሩ ነው» አለ ማቲ ፎቶውን አይቶ። «ማታ በአራት ሰዓት ትልክላታለህ።»

«ልኬዋለሁ» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። እንደ መምህር በትዕግሥት አስረዳኝ። እዚያ አሁን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፎቶው ጥግ ላይ ያለው መስኮት ግን ፀሐይ ያበራበታል። ዓርብ ማታ ከበረርክ ደግሞ አንተ ገና አላረፍክም። አየር ላይ ነህ።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ ተናኘ ናቸው። ማቲ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ስፒከር ላይ አደረግሁት።

ደረስክ ወይ አሉኝ፤ ደርሻለሁ አልኩ። ማቲ አጠገብህ ነው ወይ፤ አዎ። ደህና ነው ወይ፤ ደህና ነው እትዬ፣ በገብርኤል፣ ጉንጩ ሞልቷል። እፎይ ሲሉ ሰማሁ። ሰዓቱን አላነሡም፣ ፀሐዩንም አላነሡም። ማቲ እጁን ከአፉ አወረደ።

«ዘርይሁን» አሉ።

«አቤት።»

«ከኋላው ያለውን ካርቶን አስፍቼ አየሁት።»

«ኮሪያኛ ነው፣ እትዬ።»

«ከኮሪያኛው ሥር ያለውን ነው የምልህ። ያንን ስቲከር ሃያ ሁለት ዓመት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ለኮሪያውያን ፈረንሳይኛ ማን አስተማራቸው?»

ዘወር ብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ካናዳ ውስጥ ጨው እንኳ ፈረንሳይኛ ሳይለጠፍበት አይሸጥም። የኑድሉ ካርቶን ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተለጥፏል። ስድስት ወር ቪዲዮው ሲንቀጠቀጥ አልታያቸውም ነበር። እኔ ቀጥ አድርጌ፣ አጥርቼ አነሣሁላቸው።

«የት ናችሁ?» አሉ እትዬ ተናኘ። አልጮኹም። «በገብርኤል ይዤህ ነበር።»

ማቲ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። በዓይኑ ይለምነኛል። የኔን ውሸት ለማዳን አሥር መንገድ ነበረኝ፤ ፋብሪካዎ ዕቃውን ወደ ኮሪያም ይልካል ማለት እችል ነበር። ስልኩ ውስጥ ግን ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር፤ ፎቶውን ካዩ በኋላ ይበልጥ ፈርተዋል። ደህና ልጅ ለምን ይደበቃል?

«ፊንች ነን፣ እትዬ» አልኩ። «ፊንች ጣቢያ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ማቲ ከወንበሩ ተነሣ። ጋሼ፣ አጠፋኸኝ አለኝ። ሽርጡን መፍታት ጀመረ፤ የኋላውን በር ያያል። እናቱ ካሉበት ከዳንፎርዝ እስከዚህ ሃምሳ ደቂቃ ነው፣ በሃምሳ ደቂቃ ብዙ ቦታ ይደረሳል። መሄድ ከፈለግክ ሂድ አልኩት፣ ለእናትህ ግን ሮጠ ብዬ ነው የምነግራቸው፤ በገብርኤል ተይዣለሁ። ይሄኔ አለቃው መጣች። ምን ሆነሃል አለችው በእንግሊዝኛ። እናቴ እየመጣች ነው አላት። ሴትዮዋ ሽርጡን ራሷ ፈታችለት። ሎሚ አምጥታ ዓሣው እንዳይሸት እጁን አሳሸችው፣ ፀጉሩን በመዳፏ አስተኛች፣ ጠረጴዛችንን ወለወለች፣ ሦስተኛ ሾርባ አዘዘች። ከዚያ በኋላው በር መካከል ቆመች። ማቲ ተቀመጠ። ከእናቱ ይልቅ እሷን የፈራ መሰለኝ።

እትዬ ተናኘ ከኤግሊንተን ጣቢያ አልፈው ወደ ሰሜን ሄደው አያውቁም። በአርባ አምስት ደቂቃ ደረሱ። ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳ ይጎትታሉ። አለቃው ዝቅ ብላ እጅ ነሣቻቸው፤ እሳቸውም ዝቅ ብለው እጅ ነሡ፤ ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል እስኪለይ ትንሽ ጊዜ ወሰደ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ሄዱ። ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ወደ ግራ አዞሩት፣ ወደ ቀኝ አዞሩት፣ አገጩን ቀና አድርገው ከሥር አዩት፤ እንደ ታሸገ ምግብ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«ታመሃል?» አሉት።

«አልታመምኩም፣ ማሚ።»

«ስምንት ወር ሙሉ ጸሎቴ ኮሪያ ሲደርስ ባለቤቱን እያጣ ሲመለስ ነበር በለኛ» አሉ።

ማቲ ማልቀስ ጀመረ። አማርኛውና እንግሊዝኛው ተደባለቀበት። አያቴ እዚያ ችሎ፣ እኔ አቃተኝ፣ አሳፈርኩሽ፣ የሚል ነገር ነው በድምሩ።

እትዬ ተናኘ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አባቴም ተመልሶ ነው እኔን የወለደኝ» አሉት። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

በላ። እሳቸውም ቀመሱ፤ ጨው አንሶታል አሉ። ከቦርሳቸው የቋጠሩትን ሚጥሚጣ አውጥተው ጨመሩበት፣ ለአለቃውም ጨመሩላት። ሴትዮዋ ቀመሰች፣ ዓይኗ ቀላ፣ ደገመች።

ሁሉም ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩ። ልጃቸውን ያናገሩበት ድምፅ አልነበረም።

«አንተ መቼ ነው ከኮሪያ የምትመለሰው?»

«ነገ ማታ ነው የተባለው» አልኩ።

አሰቡበት። ጨዋ ሴት ናቸው፤ በዓመት ሁለት ሱባዔ የሚይዙ። ካሰቡ በኋላ ያሉኝ ይህ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ቆየት ብለህ ሰኞ ተመለስ። ልጁን ይዘኸው መጣህ። ናፍቆት ይዞት አግኝተኸው፣ እናትህ ብቻዋን ናት ብለህ መክረህ ይዘኸው መጣህ። እሱ ሴኡል መኖሩ እውነት ነው፤ ሁለት ወርም ይሁን ሁለት ዓመት የቆጠረ የለም። ዘመድኩን እስከ ሰኞ እንዳያይህ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ትተኛለህ፤ መስኮቱ አጠገብ አትሂድ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ አጥርቶ የተሠራ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ማቲ ከማን እንደወረሰው ገባኝ።

እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለው እሑድ በአዳራሹ የምስጋና ምሳ ተደረገ፤ በግ አንድ፣ መመለሻ ስለሆነ። ታዴዎስ ፎቶዎቼን አንድ በአንድ አየ። ተራራው ላይ ያለው እንስሳ ምንድን ነው አለኝ፤ የኮሪያ ቀበሮ ነው አልኩት። ሄደህ ልጁን ማምጣትህ ግን ትልቅ ነገር ነው አለና ትከሻዬን መታ። ስለ ዱባይ ከዚያ ወዲህ አላነሣም። ዘመድኩን ብቻ የጃኬቱ ባለቤት ደርሶኛል አላለኝም እያለ ሲነዘንዘኝ ይኖራል፤ ጃኬቱን ለብሼው እሄዳለሁ፤ እስካሁን አልለየውም።

ማቲ ዛሬም ዓሣው ጋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ በባቡር ይሄዱና ከአለቃው ጋር ሾርባ ይጠጣሉ፤ በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ አላውቅም፣ ግን አንዳቸውም አያቋርጡም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ነው። ስለ ጸሎቱ አሉ ብዬ የጻፍኩትን እትዬ ተናኘ አላሉትም። አልታመምኩም ሲላቸው ምንም አልተናገሩም። ፊቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ሾርባው ቀዘቀዘ፤ አለቃው ወስዳ አሞቀችው፣ መልሳ አመጣችው፣ አሁንም እንደቆሙ ነበሩ። ዝምታ ስጽፈው ባዶ ወረቀት ስለሚሆንብኝ በእሳቸው ስም አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ።